እሱ ምን ያደርግለታል?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር አንዲት አጭር ጥያቄ አለች። ቡና ሲለቀም አትነሳም፤ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅም አትነሳም። የምትነሳው ተሸጦ ብሩ ሲቆጠር ነው፦ «እሱ ምን ያደርግለታል?»

«እሱ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ይሰማል። ዓይኑ አያይም፣ ወይም እግሩ አይሄድም፣ ወይም ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የሚቆጠረው ብር ደግሞ አባቱ «ይህ ለዚህ ልጅ ይሁን» ብለው ከተዉለት ቡና የመጣ ነው። ጥያቄዋ መልስ አትጠብቅም፤ መልሷን ይዛ ነው የምትመጣው። እሱ ጫት አይቅም፣ ድራፍት አይጠጣ፣ አላገባ፣ አልወለደ፣ ማኅበር የለበት፤ ታዲያ ብር ምን ያደርግለታል?

ነገሩ የሚጀምረው በክፋት አይደለም፤ በእንባ ነው። አባት አልጋ ላይ ናቸው። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል፣ ሽማግሌዎች ከራስጌ ተቀምጠዋል። አባት ታላቁን ልጅ ይጠሩና ወደ ታናሹ ያሳዩታል። «ልጄ፣ ወንድምህን አደራ። ከወንዙ በላይ ያለው ቡና የሱ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» ታላቁ ልጅ መሬት ስሞ ይምላል። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሴቱ ያለቅሳል፣ የመጣው ሁሉ በወንድማማቾቹ ፍቅር እየተደነቀ ይወጣል። ያን ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ «ሰውየው ገና ሳይሞቱ ውርስ ይጽፋል» ተብሎ እስከ ዛሬ ሲነሳበት ይኖር ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ቡና ሲሸጥ ለታናሹ ጋቢ ይገዛለታል። ጋቢው እውነትም ጥሩ ጋቢ ነው። በተከታዩ ዓመት «እሱ ያለበት ያፈሳል» ተብሎ ቆርቆሮ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ትልቁን ቤት አዳርሶ ወደ እሱ ጓዳ ሲጠጋ ያልቃል። ቀጥሎ «ድንገት ቢያመው ሐኪም ቤት በምን እናደርሰዋለን?» የሚል ጭንቀት ይነሳና ሞተር ሳይክል ይገዛል። ሞተሩ ሚዛንን ያውቃል፣ ቴፒን ያውቃል፣ የገበያ ቀን በበበቃ መንገድ ሰው ሲያመላልስ ይውላል፤ የማያውቀው ሐኪም ቤቱን ብቻ ነው። ታናሹ ወንድም ሞተሩን የሚለየው በድምፁ ነው፤ ሲወጣና ሲገባ ይሰማዋል። በመጨረሻ የጆንያ ማስቀመጫ ሲጠብብ ጀንፈሉ ወደ እሱ ክፍል ይገባል። «እግረ መንገዱን ይጠብቅልናል» ይባላል። እንዲህ ሆኖ ሰውየው የራሱን ቡና ያለ ደመወዝ ሲጠብቅ ያድራል፤ ከቡናው ጋር አብሮ ያድር እንጂ ከብሩ ጋር አይተዋወቅም።

ቡና ሲወደድ ደግሞ ፍቅርም ይወደዳል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ኒውዮርክ ገበያ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ወሬው እዚህ ለመድረስ አልዘገየም። ከዚያ በፊት ደጁን ረግጠው የማያውቁ ዘመዶች ድንገት ብቅ ብቅ አሉ። አክስት «እኔ ዘንድ ይሁን፣ እኔ ላስታመው» አሉ። የአጎት ልጅ «ደሙ ነኝ» አለ። ታላቁ ወንድም ግን ከማንም የበለጠ ቆራጥ ሆነ፦ «አባቴ ለኔ ነው አደራ ያሉት!» እስከ ዛሬ ካነሳው ሁሉ አባቱን በትክክል የጠቀሰው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ይህ የጓዳ ሰው ሁልጊዜ ጓዳ አይውልም። እንደየወቅቱ ይሰወራል፣ እንደየወቅቱ ይገለጣል። ቆጣሪ ሲመጣ ይሰወራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት አካል ጉዳተኞች 864 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያወጡት ዘገባ ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 ከመቶ የሚል ቁጥር አስቀመጠ። ባለሙያዎች ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቁ ነው ይላሉ፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው በዚያ መልክ አልጠየቀም። አምናቸዋለሁ። ብቻ ከአጠያየቁ ሌላ ጓዳ የሚባል ነገርም በስሌቱ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

እርዳታ ሲመጣ ግን ይገለጣል። ስንዴም ይሁን ብርድ ልብስ፣ ምዝገባው የማንም ይሁን የማን፣ ያን ጠዋት ጓዳው ባዶ ነው። ሰውየው ታጥቦ፣ ጋቢውን ለብሶ ሳይሆን ጋቢው ተገፎ፣ አሮጌ ኮት ደርቦ ከፊት መስመር ይቀመጣል። እሱን ደግፎ የመጣው ታላቅ ወንድም ራሱ ማንከስ ይጀምራል። መዝጋቢው ይጠይቃል።

«የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው?»

«እሱ ነው» ይላል ታላቅየው።

«ሀብት አለው? ቡና ምናምን?»

«የምን ቡና? ደግሞስ እሱ ምን ያደርግለታል?»

«ረዳት የለውም?»

«ከላይ ካለው በቀር ማንም የለው» ይላል ረዳቱ።

እዚህ ላይ መዝጋቢውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። አገሪቱ በ1997 ዓ.ም. የጀመረችው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለድርቅ የተጋለጡ ወረዳዎችን አስቦ የተቀረጸ ነው፤ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ መሥራት የማይችለው አካል ጉዳተኛና አረጋዊ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ ከሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማው ሴፍቲኔትም ያንኑ መንገድ ተከትሎ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። «ሌላ መተዳደሪያ ከሌለው» የምትለዋን ሐረግ ግን ሕዝቡ ካወጧት ሰዎች በተሻለ ተረዳት። ቡናው በአካል ጉዳተኛው ስም ከሆነ ድሃ አይደለም፤ በወንድሙ ስም ከሆነ ድሃ ነው። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ቡናው በቃል ወደ ታላቁ ይዞራል። ምዝገባው ካለፈ በኋላ የሚመልሰው አይገኝም፤ ዞሮ የሄደ ቡና መንገዱን ይረሳል መሰለኝ።

አንዳንድ ጊዜ ስጦታው ዊልቸር ነው። የርክክቡ ቀን ባነሩ ከአዳራሹ በር ይረዝማል። ንግግር አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ተቀባዩን መሐል አድርጎ ፎቶ የሚነሳ ባለሥልጣን አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዊልቸሩም ከሰፈራችን መንገድ ጋር ይተዋወቃል። የዓመቱን አብዛኛውን ወር የሚዘንብበት አገር ነው፤ ጭቃችን የአይሱዙ ጎማ አስሮ የሚያሳድር ነው። ሁለት ቀን ከተሞከረ በኋላ ዊልቸሩ ግድግዳ ይደገፋል። ሳምንት ሳይሞላው ጄሪካን ተጭኖበት ቦኖ ይወርዳል፤ በምርት ጊዜ ደግሞ እሸት ቡና ይጭናል። ዛሬ ያ ዊልቸር ከባለቤቱ ይልቅ ከተማውን ያውቃል።

ባለቤቱ ቅሬታ ላቅርብ ቢል፣ የሚያቀርብበት ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። የቢሮው ጥበቃ አዋጁን አላነበበውም፤ ልቡ ግን ደግ ነው። «አይዞህ፣ ኃላፊው ለምሳ ሲወርድ ታገኘዋለህ» ይለዋል።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ወሬ በስልክ መጣ። ከዚህ አገር ወጥተው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የከረሙ አጎት አሉ፤ አካል ጉዳተኛ ልጅ አላቸው። እዚያ አገር ኤስኤስአይ የሚባል የመንግሥት ድጎማ ለእንዲህ ያለ ልጅ ይሰጣል። ሕጉ ግን ጠማማ ነው። በልጁ ስም ከ2000 ዶላር በላይ ሀብት ከተገኘ ድጎማው ይቆማል። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ ከቀረው አብዛኛው ይቆጠራል። የ2000 ዶላሯ ጣሪያ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ከ1989 ወዲህ ንቅንቅ አላለችም፤ ኑሮው እየጨመረ ሲሄድ እሷ እዚያው ቆማ ቀርታለች። ስለዚህ ልጁን የሚወድ ወላጅ ጠበቃ ዘንድ ሄዶ አደራ ያቋቁማል። ገንዘቡ የልጁ አይባልም፤ ለልጁ የተቀመጠ ይባላል። በ1993 የወጣ ሕግ ልጁ በካሳ ያገኘው የራሱ ገንዘብ እንኳ በአደራ እንዲቀመጥ ፈቀደ፤ ሲሞት ግን መንግሥት ለሕክምናው ያወጣውን አስቀድሞ ይወስዳል። በ2014 ደግሞ ኤብል የተባለ ልዩ የቁጠባ ሒሳብ ተጨመረበት። ሀብታም አገር ልጁን ድሃ አድርጎ ለማቆየት ይህን ያህል ጠበቃ ያሰልፋል።

አጎት ይህን ሁሉ በስልክ ለሚዛኑ ታላቅ ወንድም ሲያስረዱ፣ እኔ ከጎኑ ቡና እየጠጣሁ ነበር።

«አየህ፣ አደራ ጠባቂው ጥሬ ገንዘቡን በልጁ እጅ አይሰጥም። ከሰጠ ድጎማው ይቀነሳል።»

«ጋሼ ይሙት! እኔስ መቼ በእጁ ሰጥቼው አውቃለሁ?»

«ንብረቱም በልጁ ስም አይሆንም።»

«ኧረ በስሙ አንዲት ፍሬ የለም፤ ሁሉም በኔ ነው!»

«የሚያስፈልገውን ጠባቂው ራሱ ይገዛለታል። አልጋ፣ ስልክ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ…»

«ጋቢ ገዝቻለሁ፣ ጋሼ። ሞተርም ገዝቻለሁ።»

ወንድምየው ወደ እኔ ዞሮ ፊቱ በራ። ሳያውቀው የአሜሪካን ሕግ ሲያከብር ኖሯል! አጎት ቀጠሉ።

«ብቻ ከገንዘቡ ላይ ለሌላ ሰው አንዲት ሳንቲም አይወጣም። እያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ አለው፤ ሒሳቡን ደግሞ ጠያቂ አለው። ሒሳቡ ከጎደለ ፍርድ ቤት ነው።»

«ሃሎ? ጋሼ? ኔትወርኩ ተቆራረጠ…»

ኔትወርኩ ጥሩ ነበር።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው እንዳይባል፣ የእኛም አገር ሕግ አደራን ከጻፈው ዕድሜ ጠግቧል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ነገሩን በዝርዝር ይዞታል። ሰው ንብረቱን ለይቶ፣ ለአንድ ሰው ጥቅም ብሎ፣ በሌላ ሰው እጅ እንዲተዳደር ማድረግ ይችላል፤ በስጦታ ወይም በኑዛዜ። የተለየው ንብረት የጠባቂው የግል ሀብት አይሆንም፣ ጠባቂውም ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቀጽ 340 ደግሞ ዓይነ ስውሩም ሆነ መስማትና መናገር የተሳነው፣ ራሱን ወይም ንብረቱን መምራት ካቃተው፣ ሕጉ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጠውን ጥበቃ ለራሱ መጠየቅ ይችላል ይላል። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። እነዚህን አንቀጾች ለወንድሙ ብሎ የጠቀሰ ሰው እዚህ ሰፈር አላጋጠመኝም፤ የድንበር ክስ ሲሆን ግን ሁሉም ሰው ጠበቃ ነው።

ያ የእንባ ቀንስ? አባት በቃላቸው የተናገሩት በሕግ ፊት ስንት ያወጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 893 በቃል በተደረገ ኑዛዜ የሚተላለፈው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም ይላል። ቀብሬን እንዲህ አድርጉ ማለት ይቻላል፤ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቼን እገሌ ያሳድግ ማለትም ይቻላል። የቡና ማሳ ግን 500 ብር ውስጥ አይገባም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር፤ ዛሬ ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ የፈለገ ቴፒ ገበያ ወርዶ ይሞክር። አሜሪካኖቹ 2000 ዶላራቸውን፣ እኛ 500 ብራችንን ተክለን ኑሮው እንዲሮጥ ፈቅደንለታል። እዚህ ላይስ ከዓለም ወደኋላ አልቀረንም።

ያን ዕለት የጎደለው ደግሞ ትንሽ ነገር ነበር። በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ የሚፈልገው አራት ምስክር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ተፈርሞ ያልቃል። በቤቱ ውስጥ ከአርባ የማያንስ ምስክር ነበር። ለቅሶውን የሚመራ ነበር፣ ቡናውን የሚያፈላ ነበር፤ የሚጽፍ ብቻ ጠፋ።

የመንግሥትም ሂሳብ ቢሆን አልፎ አልፎ ፈገግ ያሰኛል። በ2003 ዓ.ም. በወጡት ሁለት የጡረታ አዋጆች መሠረት የሟች ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ጡረታ ያገኝ ነበር፤ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ግን እስከ 21። አርቃቂው ሦስት ዓመት መጨመሩ ቸርነት ነው። ሃያ አንደኛ ልደቱ ዕለት ዓይኑ ይበራል ወይም እግሩ ይዘረጋል ብሎ ያሰበ ሳይሆን አይቀርም። እኛም ከአርቃቂው የተለየን አይደለንም፤ «ድርሻውን ትንሽ ቆይቶ ይረሳዋል» የምንለው ወንድም ስንት ዓመቱ ሲሆን እንደሚረሳ አልነገርነውም።

ታዲያ ሒሳብ መያዝ አናውቅም? ማን ነው የማያውቀው? ወደ እድራችን ኑ። ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊውና ሰብሳቢው ሦስቱም ካልፈረሙ ከባንክ አንዲት ብር አትወጣም። ድንኳን ሲወጣ የካስማው ቁጥር ይጻፋል፣ ሲመለስ ይቆጠራል። ባለፈው ለቅሶ ሁለት ብርጭቆና አንድ ጭልፋ ጎድለው ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል። በጉባኤው ላይ የአካል ጉዳተኛው ታላቅ ወንድም ተነስቶ «የሕዝብ ንብረት አደራ ነው! ጭልፋዋ የት ገባች?» ብሎ አዳራሹን ሲያንቀጠቅጥ ሰምቻለሁ። ጭልፋዋ ተገኘች። ከአንድ አባል ቤት ወጥ ውስጥ ሆና ነበር የተረሳችው፤ ባለቤቷ ተቀጡ።

ጭልፋ እንዲህ የሚፈለግበት አገር ከወንዙ በላይ ያለው ቡና የት እንደገባ የሚጠይቅ ሰው ይጣ?

አንድ ቀን ደፈርኩና ጥያቄዋን ለባለጉዳዩ ለራሱ አቀረብኩለት። ታላቅየው ሞተሩን አስነስቶ ወጥቶ ነበር። «ብሩ በእጅህ ቢገባ ምን ታደርግበታለህ?» አልኩት። ሰው ጠይቆት አያውቅም መሰለኝ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አከታተለው። የሚናገር ስልክ ይገዛል፤ ዓይን ላጣ ሰው ጽሑፍ የሚያነብ ስልክ እንዳለ ሰምቷል። ሁለት ፍየል ያረባል። እቁብ ይገባል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እጁን ይዞ የሚያደርሰውን ልጅ ደብተር ይገዛለታል። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ በራሱ ቡና ቡና ያጠጣል።

«ለመሆኑ ስንት ጆንያ ነው የዘንድሮው?» አልኩት።

ሳያመነታ ቁጥሩን ነገረኝ። የአምናውንም ነገረኝ፤ የካቻምናውንም። ከጆንያዎቹ ጋር ሲያድር በእጁ እየዳሰሰ ይቆጥራል። ሌሊት የወጣ ጆንያ ካለ ያውቃል፤ የወጣበትንም ሰዓት በሞተሩ ድምፅ ያውቃል። ሒሳብ አይገባውም የተባለው ሰው የቤቱ ብቸኛ ሒሳብ ያዥ ኖሯል። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም። አባት ወይም እናት የሚያስተላልፉት ካለ በቁማቸው፣ በጤናቸው፣ በአራት ምስክር ፊት ይጻፍ፤ ለማን ጥቅም እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሒሳቡን ማን እንደሚሰማው ይለይ። ጊዜው ላለፈበት ቤት ደግሞ እድሩ አለ። በዓመት አንድ ቀን፣ ቡና ተሸጦ ካለቀ በኋላ፣ የብርጭቆና የጭልፋው ሒሳብ ሲነበብ አንድ ገጽ ይጨመር፦ ይህን ያህል ጆንያ ገባ፣ በዚህን ያህል ተሸጠ፣ ለባለቤቱ ይህ ይህ ተደረገ፣ ይህን ያህል ቀረ። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ከሱ ቁጥር ጋር ካልገጠመ እጁን ያውጣ።

ሐሳቡን ለታላቅ ወንድም ሳቀርብለት ከፋው። «ቤተሰብ አይተማመንም እንዴ?» አለኝ። ይተማመናል። እድርም ይተማመናል፤ ጭልፋዋ የተገኘችው ግን በመዝገቡ ነው። ደብተር መግዣ የለኝም እንዳይለኝም አስቤበታለሁ። የደብተሩ ዋጋ ከወንድሙ ቡና ላይ ይታሰብ፤ ደረሰኙ ግን ይያያዝ።